ማን ይሰለፍ?

አላባማ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ለትምህርት የሄደ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ስለ አገሩም ስለ ትምህርቱም አይደለም። እኛ በርሚንግሃም ከተማ በገባን በሦስተኛው ቀን ጠጉራችንን ልንስተካከል ሄደን፥ ጠጉር ቆራጩ መቀሱን እንዳነሣ ከመካከላችን አንዱን «አላባማ ነህ ወይስ ኦበርን?» ሲል ጠየቀው። ጓደኛችን የዋህ ነበርና «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ብሎ መለሰ። ሰውየው ጥቂት አሰበና፥ «እርሱም ደግ ነው፤ ነገር ግን ከወንበሩ ሳትነሣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለብህ» አለው። ጓደኛችን ግማሽ ጠጉሩ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቶ ነበርና አላባማን መረጠ። እኛም ተከተልነው። አላባማና ኦበርን የሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ስም መሆኑን ያወቅነው ቤት ከገባን በኋላ ነው፤ እኛ የሁለቱም ተማሪዎች አልነበርንም።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ሦስት ሰዎች ነን። በ2018 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጠራዋለን) አራት ሆነን አንዲት የእንጨት ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ሦስታችን ዛሬም ተማሪዎች ነን፤ ትምህርት እንደ ዕዳ ነው፥ ሲከፍሉት ይወልዳል። አራተኛው ከእኛ ጋር የለም። አልሞተም፥ ደኅና ነው። ነገር ግን ጽሑፉ ስለ እርሱም ሆኖ ሳለ አብረኸን ጻፍ ብለን አልጠየቅነውም። አለመጠየቅ የቆየ ልማዳችን መሆኑን አንባቢ ወደ ኋላ ይረዳዋል።

ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። የአሜሪካ እግር ኳስ የሚባለው እግር እምብዛም የማይነካው፥ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና የሚወረወርበት ጨዋታ ነው። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ወገን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፥ ማለት ከ9 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀት፥ ወደ ፊት ካልገፋ ለባላጋራው ያስረክባል። በየሙከራው ኳሱ መጀመሪያ የሚደርሰው አንድ ሰው እጅ ላይ ነው፤ እርሱም ኳርተርባክ ይባላል። ይሩጥበት፥ ለቅርብ ሰው ያቀብል ወይስ አርቆ ይወርውር፥ የሚወስነው እርሱ ነው። ለመወሰንም ያለው ጊዜ ሁለት ሦስት ሰኮንድ ሲሆን፥ በዚያች ጊዜ ውስጥ እያንዳንዳቸው ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ሊጥሉት እየሮጡ ይመጡበታል።

ሌላውን ቦታ ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ ሊጫወቱበት ይችላሉ። የኳርተርባክ ቦታ ግን የአንድ ሰው ነው። በአገራችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ሁለት ኳርተርባክ አለኝ የሚል ቡድን አንድም የለውም እየተባለ ይነገራል። በእኛ እግር ኳስ ይህን የሚመስል ቦታ ቢፈለግ የሚገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የግብ ጠባቂ ቦታ ነው። ይህችን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን።

አላባማ በሙያ ደረጃ በአገሪቱ ታላቁ ማኅበር የሚጫወት የእግር ኳስ ቡድን የላትም። ስለዚህ የሕዝቡ ልብ ሁሉ ያለው በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድን ላይ ነው። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝባት ቱስካሉሳ ከበርሚንግሃም በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ትርቃለች፤ ስታዲዮሙ ከ100,000 ሰው በላይ ይይዛል። ከስታዲዮሙ በር ላይ የአሠልጣኙ የኒክ ሴበን ሐውልት ቆሟል። የተሠራላቸው በ2011 ገና በሥራ ላይ ሳሉ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሥራቸው ሲገቡ የገዛ ራሳቸውን ሐውልት አልፈው ይገቡ ነበር ማለት ነው። እርሳቸው ከሥራው የተሰናበቱት በ2024 ነው። እኛ በነበርንበት ዘመን ግን በግዛቲቱ ውስጥ ስማቸው የገዥውን ስም ሳያስንቅ አይቀርም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታ ሲኖር መንገዱ ሁሉ ጭር ይል ነበርና እኛ ለገበያ የምንወጣው በዚያ ሰዓት ነበር፤ ኋላ ግን እኛም ከቤት የማንወጣ ሆንን።

ያጣላን ነገር ይህ ነው። ጄለን ኸርትስ የተባለ የቴክሳስ ልጅ፥ አባቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠልጣኝ የሆነ፥ በ2016 ገና በአንደኛ ዓመቱ በ18 ዓመት ዕድሜው የአላባማ ኳርተርባክ ሆነ። ቡድኑን እስከ አገሪቱ ዋንጫ ፍጻሜ አደረሰው። በጃንዋሪ 2017 በዚሁ ፍጻሜ ከክሌምሰን ጋር ሲጫወቱ፥ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀር ራሱ 30 ያርድ ሮጦ አስቆጥሮ ቡድኑን መሪ አደረገ። ነገር ግን አንድ ሰኮንድ ሲቀር ክሌምሰን አስቆጥሮ 35 ለ 31 አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በኖቬምበር ወር በኦበርን ተሸነፈ። ከእነዚህ ሁለት ሽንፈቶች በቀር ኸርትስ ከመጀመሪያ ተሰልፎ የተጫወታቸውን 25 ጨዋታዎች አሸንፏል።

ሰው ግን አጉረመረመ። «በሩጫ እንጂ በውርወራ የለም» አሉት። ከተጠባባቂዎቹ መካከል ደግሞ በ2017 ከሃዋይ ደሴት የመጣ ቱዋ ታጎቫይሎዋ የሚባል የሳሞአ ተወላጅ ልጅ ነበር። ግራኝ ነው። የጨዋታው ውጤት ከተቆረጠ በኋላ ለጥቂት ጊዜ እያስገቡት በዚያች ጥቂት ጊዜ የሚወረውራት ኳስ ሰውን ሁሉ ታነጋግር ነበር። ሁለቱም ልጆች የዚያን ጊዜ 19 ዓመታቸው ነበር።

የእኛ ቤት ለሁለት ተከፈለ። ስታቲስቲክስ የሚያጠናው የኸርትስ ወገን ሆነ፤ ክርክሩም 25 ጊዜ ያሸነፈን ሰው የሚለውጥ ሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለላት ሴት ናት የሚል ነበር። የምሕንድስና ተማሪው የታጎቫይሎዋ ወገን ሆነ፤ «ድልድይ እስካሁን አልወደቀም ማለት የሚመጣውን ከባድ መኪና ይችላል ማለት አይደለም» ይል ነበር። እውነት ለመናገር ይህ አነጋገር ያማረ ስለ ነበረ ብዙ ጊዜ እየረታን ተኛን። ሦስተኛችን ማታ ከአንዱ ጋር ሆኖ ያደረ እንደ ሆነ ጧት ከሌላው ጋር ይነሣል፤ እርሱ አሁን ይህን ጽሑፍ በእጁ የሚጽፈው ነውና ስለ ራሱ ብዙ አይልም። አራተኛው፥ በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጠው፥ ወጥ ሠሪያችንና የእሑድ ቡድናችን ግብ ጠባቂ፥ ብዙ አይከራከርም ነበር። ስንጮኽ ቆይተን ወደ እርሱ ዘወር ስንል «ምን አጠፋ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ክርክር አይደለም እንለዋለን። እርሱም አይደለም ብሎ ሽንኩርቱን ይከትፋል።

ፍጻሜው በጃንዋሪ 8 ቀን 2018 ሆነ፤ የገና ማግስት ነበር። የተረፈውን ዶሮ ወጥ አሙቀን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። አላባማ ከጆርጂያ ጋር በአትላንታ ከተማ ይጫወታል። እስከ ዕረፍት ድረስ ጆርጂያ 13 ለ 0 መራ። ኸርትስ ከስምንት ውርወራ ሦስቱ ብቻ ተይዘውለት 21 ያርድ ብቻ አስገኘ። የስታቲስቲክስ ተማሪያችን ቁጥሩን ሲያይ ዳቦውን አስቀመጠ።

ከዕረፍት ሲመለሱ የገባው ታጎቫይሎዋ ሆነ። ያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ የተነሣው ጩኸት ጎረቤታችንን አስደንግጦ በር አስንኳኳ፤ ኋላ ግን ገብቶ አብሮን ተቀመጠ። ልጁ ተሳሳተም፥ ኳስ በባላጋራ እጅ ጣለም፥ ግን አልደነገጠም። 20 ለ 7 ከተመሩ በኋላ አራት ደቂቃ እንኳ ሳይቀር 20 ለ 20 ሆኑ። የአላባማው መቺ በመጨረሻው ሰኮንድ የማሸነፊያውን ምት ሳተው። በተጨማሪው ጊዜ ጆርጂያ በምት ሦስት ነጥብ አገኘ። ከዚያ በኋላ ታጎቫይሎዋ በመጀመሪያው ሙከራ ኳሱን ይዞ ሲዘገይ 16 ያርድ ወደ ኋላ ገፍተው ጣሉት። ሁሉ ነገር ያለቀ መሰለ፤ ምሕንድሱ ራሱን ያዘ። በሚቀጥለው ሙከራ በግራ እጁ አርቆ ወረወረ፤ ዴቮንታ ስሚዝ ተቀብሎ ገባ፤ 41 ያርድ ነበረ። አላባማ 26 ለ 23 አሸነፈ።

ሰው ሁሉ ታጎቫይሎዋን ሲያይ፥ ቴሌቪዥኑ ለአፍታ ኸርትስን አሳየ። ይስቅ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ሲዘልል አየነው። ምሕንድሱ «አየህ፥ እርሱ ራሱ ደስ ብሎታል» አለ። ግብ ጠባቂያችን የወጡን ድስት አንሥቶ ወደ ወጥ ቤት ገባ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ስምንት ወራት በአላባማ ምድር እንዴት እንዳለፉ ያላየ አያምነንም። የነዳጅ ማደያው ሰው ገንዘብ ሲቀበለን «ጄለን ወይስ ቱዋ?» ይላል። አንድ ፕሮፌሰራችን ስለ ይሆናልነት ሒሳብ ሲያስተምሩ ምሳሌያቸው እነዚህ ሁለት ልጆች ሆኑ፤ ክፍሉም ለሁለት ተከፍሎ ሒሳቡ ሳይሠራ ሰዓቱ አለቀ። ፖል ፋይንባም የተባለ ጋዜጠኛ የሚመራው፥ ሕዝቡ ስልክ እየደወለ የሚከራከርበት የሬዲዮ ጊዜ አለ፤ ከሰዓት በኋላ እርሱን እየሰማን ነበር ልብሳችንን የምናጥበው። ይህ ሬዲዮ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከአላባማ ደጋፊዎች አንዱ በ2010 ኦበርን ከተማ የሚገኙትን የተከበሩ ያረጁ ዛፎች መርዞ፥ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ማድረጉን የተናዘዘው በዚሁ ሬዲዮ ስልክ ደውሎ ነው።

ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር እኛን እንደ ጥቁር ሰዎች አስደነቀን። በጁን 1963 የግዛቲቱ ገዥ ጆርጅ ዋላስ ሁለት ጥቁር ተማሪዎች እንዳይመዘገቡ በቱስካሉሳ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ቆመው ነበር። ያ በር ከስታዲዮሙ ሩቅ አይደለም። በ2018 የግዛቲቱ ነጭ ሽማግሌ ሁሉ ስልክ ይዞ የሚከራከረው፥ ከጥቁሩ የቴክሳስ ልጅና ከሳሞአው የሃዋይ ልጅ የትኛው ክብራችንን ይያዝልን እያለ ነው። ይህ ለውጥ ነው ወይስ አይደለም በሚለው አንድ ሌሊት ሙሉ ተከራክረን አልተስማማንም። በሩ ተከፍቷል፤ ያ እውነት ነው። ነገር ግን የሚከራከሩበት አነጋገር ስለ ፈረስ የሚነጋገሩ ሰዎች አነጋገር ነበር። እግሩ እንዲህ ነው፥ ክንዱ እንዲያ ነው፥ ይህ ቢሸጥ ያ ቢቀር። በዚያን ጊዜ ተጫዋቾቹ ከትምህርት ወጪያቸው በቀር በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ አይፈቀድም ነበር፤ የተፈቀደው በ2021 ነው። አንዱ ቡድን ትቶ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሄደ ተጫዋችም፥ ዲግሪውን ይዞ ካልሆነ በቀር፥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት። የዛሬ ልጅ በማግስቱ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ኸርትስ ግን ቀረ።

ስለ ፈረስ የሚነጋገሩ ሰዎች አልን። እኛም ፈረስ ነበረን።

የእሑድ ቡድናችን ማለት በከተማው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ጥቂት ሠራተኞች ከናይጄሪያ፥ ከኔፓልና ከዓረብ አገር ተማሪዎች ጋር የምንጋጠምበት ቡድን ነው። ያቋቋመው ግብ ጠባቂያችን ነበር። ሜዳውን ከማዘጋጃ ቤት የለመነ፥ መረቡን በገዛ ገንዘቡ የገዛ፥ ማልያውን ቤት አምጥቶ የሚያጥብ እርሱ ነው። እንዴት ይጠብቅ ነበር ብትሉን፥ ደኅና ይጠብቅ ነበር። ጉልበቱን ቀደም ብሎ ታሞ ነበርና ወደ ግራው ሲወድቅ ይዘገያል። ያን ሁላችን እናውቃለን፤ ናይጄሪያውያንም ያውቁ ነበር።

በዚያው በ2018 የጸደይ ወራት ከጆርጂያ አንድ የ18 ዓመት ልጅ መጣ፤ በአትላንታ አጠገብ ያደገ የእኛው አገር ልጅ ነው። እጁ ረዥም፥ ወደ ሁለቱም ወገን እኩል የሚወረወር። ለልምምድ አንድ ቀን ግብ ውስጥ ቆሞ ምሕንድሱ የመታቸውን ሰባት ኳሶች ሰባቱንም ያዘ። ልጁ ጨዋ ነበር። ግብ ጠባቂያችንን «ጋሼ» እያለ ይጠራዋል፤ ጓንቱን ይይዝለታል፥ ውኃ ያቀብለዋል። ጋሼ የሚለው ቃል ያን ጊዜ ለምን ፊቱን እንደሚያጠቁረው አልገባንም።

ከኔፓሎች ጋር ከምንጫወትበት እሑድ በፊት ዓርብ ማታ ሦስታችን ወጥ ቤት ተቀመጥን። ሌላ ነገር ለመነጋገር ነበር፤ ወሬው ግን ወደዚያው ሄደ። ያንኑ የስምንት ወር ክርክር አንድም ሳናስቀር አመጣነው። ስታቲስቲክሱ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሰው እንዴት ይነሣል አለ። ምሕንድሱ ድልድዩን ጠቀሰ። «ጉልበቱ አልቋል» አለ። «ለእርሱም ዕረፍት ነው» አልን። «አይቀየምም፥ ትልቅ ሰው ነው» አልን። ያን ቀን ሳቅንም፤ አንዳችን ወደ ግራ አወዳደቁን በወንበር ላይ ሆኖ አሳየ። ማን እንደ ነበር አንጽፍም፤ ሦስታችንም ስቀናል። ከዚያ ድምፅ ሰጠን። ሦስት ለዜሮ ሆነ፤ ስታቲስቲክሱ እንኳ እጁን አነሣ።

ወጥ ቤቱ ከጓሮ በር አለው። ዘወር ስንል ግብ ጠባቂያችን የሽንኩርት ከረጢት ይዞ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደ ቆመ አናውቅም። «ሽንኩርት ተወዷል» አለ፤ ከረጢቱንም አስቀምጦ እጁን ታጠበ። እኛ አንድ ነገር ልንናገር አፋችንን ከፈትን፤ ተመልሶም ተዘጋ። እሑድ ልጁ ተሰለፈ። 2 ለ 0 አሸነፍን። ግብ ጠባቂያችን ከመስመር ውጭ ቆሞ ልጁን «ወደ ፊት! ውጣ ወደ ፊት!» እያለ ሲያስተምረው ዋለ። እኛም ተያየንና «አየህ፥ ደስ ብሎታል» ተባባልን። ይህን ቃል በዚያች የገና ማግስት ሌሊት ብለነው እንደ ነበር ትዝ ያለን ብዙ ቆይቶ ነው።

በኦገስት መጀመሪያ ላይ ኸርትስ በጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ተናገረ። እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ጸደዩን ሙሉ አሠልጣኞቹም ጭምር ማንም ወደ እርሱ መጥቶ ምን ተሰማህ ብሎ እንዳልጠየቀው ገለጸ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው። አራታችንም ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ነበር። ከሦስታችን አንዱ ቢናገር፥ ያን ጊዜ ነበር መናገሪያው። ምሕንድሱ ጎሮሮውን ጠረገ። ሦስተኛችን ጫማውን ማሰር ጀመረ። ግብ ጠባቂያችን ተነሥቶ «ሻይ ልጣድ?» አለ። አዎን አልነው፤ ሦስታችንም በአንድ ድምፅ።

በሴፕቴምበር ታጎቫይሎዋ ተሰለፈ፤ የመጀመሪያውን ጨዋታ 51 ለ 14 አሸነፉ። ካለቀ በኋላ አንዲት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ስለ ሁለቱ ኳርተርባኮች ብትጠይቃቸው ሴበን ቱግ ብለው በሕዝብ ፊት ተቆጧት፤ ኋላ ግን ራሳቸው ደውለው ይቅርታ ጠየቋት። ሐውልት የቆመለት ሰው ስልክ አንሥቶ ይቅርታ ጠየቀ። የእኛ ግብ ጠባቂ ደግሞ የሚኖረው ከግድግዳው ማዶ ነበር፤ ስልክ እንኳ አያስፈልግም ነበር።

በኖቬምበር ልጁ ጣቱ ተሰበረ። ያን ጊዜ ወደ ጋሼ ሄድን። ልመና ያዘጋጀን መስሎን ነበር፤ እርሱ ግን «በስንት ሰዓት ነው?» ብቻ አለ። ከናይጄሪያ ቡድን ጋር ገጠምን። እንደ ፊልም ታሪክ ቢሆን ያን ቀን ሁሉን ኳስ በያዘ ነበር። ሦስት ገቡበት፤ ሁለቱ በግራው በኩል። 3 ለ 1 ተሸነፍን። ማንም አልወቀሰውም፤ አለመውቀሳችን ከወቀሳ ሳይከፋ አልቀረም። ማታ ጓንቱን በሳሙና አጥቦ መስኮት ላይ አሰጣው፤ በማግስቱ ለልጁ ሰጠው።

ዲሴምበር 1 ቀን አላባማ እንደገና ከጆርጂያ ጋር፥ እንደገና በአትላንታ በዚያው ስታዲዮም ተገናኘ። ግብ ጠባቂያችን ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ሌላ ግዛት ሊሄድ ዕቃውን በካርቶን አስሮ ነበርና በካርቶኖቹ ላይ ተቀምጠን ተመለከትን። ጆርጂያ 28 ለ 21 ሲመራ በመጨረሻው ሩብ ታጎቫይሎዋ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ወጣ። ኸርትስ ገባ። ዘጠኝ ወረወረ፥ ሰባቱ ተያዙለት፤ በውርወራ አስቆጥሮ እኩል አደረገ፤ አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀር ደግሞ ራሱ 15 ያርድ ሮጦ ገባ። 35 ለ 28። ስታቲስቲክሱ አለቀሰ። ምሕንድሱም ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ሴበንም ስለ ልጁ ሲናገሩ ድምፃቸው ተቆራረጠ።

ግብ ጠባቂያችን ግን ሌላ ነገር ነበር ያየው። «ሦስት ወር ሙሉ ሰውነቱን ሲያሟሙቅ ያየው ሰው የለም» አለ። ሌላ አልተናገረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በአውቶቡስ ሄደ። አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኘነው፤ ተቃቀፍን፤ ጻፉልኝ አለን፤ እንጽፋለን አልን።

የቀረውን በአጭሩ እንናገራለን። በ2019 የገና ዕለት አላባማ ከታጎቫይሎዋ ጋር በክሌምሰን 44 ለ 16 ተሸነፈ፤ ያን ጊዜ ደግሞ የኸርትስ ወገኖች ሬዲዮውን ሞሉት። ኸርትስ ዲግሪውን ይዞ ስለ ነበር ወደ ኦክላሆማ ሄዶ ወዲያው ተጫወተ። ታጎቫይሎዋ በ2019 ኖቬምበር ዳሌው ተሰበረ፤ ያም ሆኖ በ2020 ማያሚ በአምስተኛ ተራ መረጠው። ኸርትስን ፊላዴልፊያ የመረጠው በ53ኛ ተራ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 ፊላዴልፊያ የአገሪቱን ታላቅ ዋንጫ 40 ለ 22 ሲያሸንፍ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የተሸለመው ኸርትስ ነበር። ስታቲስቲክሱ ያን ሌሊት ምሕንድሱን «አሁንስ?» አለው። ምሕንድሱ ያ የጃንዋሪ ሌሊት ለውጥ ትክክል ነበር ብሎ ዛሬም ይከራከራል። ትክክል ነበር፤ እኛም ሦስታችን በዚህ ተስማምተናል። ልጁን ግብ ማቆማችንም ትክክል ነበር። ስለዚህ አይደለም የምንጽፈው።

በዚያው ሌሊት ግብ ጠባቂያችን ዘንድ ደወልን። ጧት ማልዶ የሚነሣ ሥራ ላይ ነው፤ ከእንቅልፉ ቀሰቀስነው። ኸርትስን አየኸው ወይ አልነው፤ እስከ ዕረፍት አይቶ ተኝቷል። የድሮውን ድስት ጠየቀን፤ አለ አልነው፥ ዳሩ ግን ክዳኑ ጠፍቷል። ልጁንም ጠየቀ፤ ጣቱ እንዴት ሆነ አለ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ስለ ጣት። ከዚያ ዝም ተባለ። ስልኩ በጠረጴዛው ላይ ድምፁ ተከፍቶ ሦስታችንም ዙሪያውን ተቀምጠን ነበር፤ አንዳችን ሌላውን በክርን ይጎነጉነዋል።

በመጨረሻ ይህን የሚጽፈው ሰው፥ «ያን ዓርብ ማታ፥ በጓሮ በር ስትገባ፥ ምን ተሰማህ?» ብሎ ጠየቀው።

ጥቂት ጊዜ ትንፋሹ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ሳቀ፤ የድሮው ሳቁ ነው። «መጀመሪያ የሽንኩርቱን ገንዘብ ላኩልኝ» አለ። «አልከፈላችሁኝም። ያን ከፍላችሁ ነው ሌላውን የምትጠይቁኝ።»

ስንት ነበር ብለን ጠየቅነው። 12 ዶላር አለ፤ ለአራት ሲካፈል የእኛ ድርሻ 9 ነው። በማግስቱ ላክንለት። ገንዘቡ መድረሱን በስልክ ጽፎ አረጋገጠልን፤ በሚመጣው እሑድ ከሥራ በኋላ ደውሉ ብሎም ጨመረ።